መርሳት መዋሸት አይደለም

በዛሬው የሥነ ልቦና ዓምዳችን የምናነሣው ስለ ማስታወስ ነው። ነገሩ የተማሪ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኢንተርቪው የሚጠብቅ ቤተሰብ ሁሉ ሌሊት የሚያስበው ነው፦ «ቀኑን ብሳሳትስ? ባለፈው ከተናገርኩት ጋር ባይገጥምስ? ውሸታም እባል ይሆን?»

ከካርቱም፣ ከሐጅ ዩሱፍ ወጥተው ካምፕ የገቡትን ወገኖቻችንን እንውሰድ። ጦርነቱ መቼ ጀመረ ብትሏት አንዷ እናት «የፋሲካ ዋዜማ፣ ቀዳም ስዑር ለት» ትላለች። ሙስሊሟ ጎረቤቷ «ረመዳን ሊያልቅ ሳምንት ያህል ሲቀረው» ትላለች። ልጇ «ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.» ይላል። ፎርሙ ላይ የሚጻፈው ደግሞ «ኤፕሪል 15፣ 2023» ነው። አራቱም ልክ ናቸው፣ ሁሉም ያችው አንዲት ቅዳሜ ናት። የማያውቅ ሰው ግን አራት የተለያየ ቃል አድርጎ ሊያየው ይችላል።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። «ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ተኩስ ሰማን» ያለች እናት በሱዳን አቆጣጠር 9 ሰዓት ማለቷ ነው። አስተርጓሚው ዝም ብሎ «3» ካለው ገና ሳይነጋ የሆነ ይመስላል። እዚህ ላይ የረሳም የዋሸም የለም።

እውነተኛው መርሳትስ? የሥነ ልቦና ሰዎች ማስታወስን በሦስት ደረጃ ይከፍሉታል፦ መቀበል፣ ማስቀመጥና መልሶ ማውጣት።

መቀበል የሚጀምረው ከትኩረት ነው። ዓይናችን ያየውን ሁሉ አእምሯችን አይዝም። በሱቅ ሲታ ገበያ ስትገበያዩ ያለፈውን ሰው ሁሉ ልብሱን አትይዙትም። አደጋ ሲመጣ ደግሞ ትኩረት ይጠባል። መሣሪያ የተደገነበት ሰው ዓይኑ አፈሙዙ ላይ ስለሚቀር የታጣቂውን ፊት ወይም አብረውት የነበሩትን ሰዎች ቁጥር ላያውቅ ይችላል። ያልተያዘ ነገር ደግሞ ቢፈለግም አይገኝም።

ማስቀመጥም ቢሆን ዕቃን ሳጥን ውስጥ ቆልፎ እንደማኖር አይደለም። እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አሳይቷል። የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦችን ተረት ለእንግሊዛውያን አስነበበና ቆየት እያለ በቃላቸው አስደገማቸው። ተረቱ እያጠረ ሄደ። እንግዳ የሆነባቸውን ነገር ጣሉ ወይም በሚያውቁት ተኩት። ሆን ብሎ የቀየረ አልነበረም። አእምሮ ባስታወሰ ቁጥር ታሪኩን እንደገና ይሠራዋል፣ የጎደለውንም በሚመስለው ይሞላዋል።

መልሶ ማውጣት ላይ ደግሞ ጥያቄው፣ ድካሙና ፍርሃቱ ሁሉ ይገባበታል። በ2002 እ.ኤ.አ. ጄን ሄርሊሂ የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በእንግሊዝ አገር ለሚኖሩ 39 የኮሶቮና የቦስኒያ ስደተኞች ስለደረሰባቸው ነገር ሁለት ጊዜ ጥያቄ አቀረበች። ሰዎቹ መኖሪያ ፈቃዳቸውን አስቀድመው የያዙ ስለነበሩ የሚዋሹበት ምክንያት አልነበራቸውም። ሆኖም የመጀመሪያውና የሁለተኛው ቃላቸው በብዙ ቦታ ተለያየ። ልዩነቱ የበዛው በዋናው ነገር ላይ ሳይሆን በዳር በዳሩ ዝርዝር ላይ ነበር። የደረሰባቸው መከራ ክፉኛ ባወካቸው ሰዎች ዘንድ ደግሞ በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ጊዜው በረዘመ ቁጥር ልዩነቱ ጨመረ።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንላለን። እውነት ነው። ግን የተወጋው የማይረሳው ቁስሉን ነው፤ ቀኑንና ሰዓቱን ሊረሳ ይችላል።

መርሳት የሞኝነት ምልክትም አይደለም። የማሰብ ችሎታ ሌላ፣ በጭንቀት ጊዜ ነገር አለመያዝ ሌላ ነው። ሌሊት እየባነነ የሚያድር ልጅ ክፍል ውስጥ ትምህርት አልገባ ቢለው «ደነዝ» አትበሉት። ጭንቅላቱ ሌላ ሥራ ይዟል።

እንግዲህ ኢንተርቪው ያላችሁ እነዚህን ያዙ፦

አንደኛ፣ ቀን ካልመጣላችሁ በምታውቁት ነገር ጀምሩ። በዓል፣ ክረምት፣ የልጅ መወለድ፣ የጾም መግቢያ። «ከጥምቀት በኋላ፣ ልጄ ጡት ሳይጥል» ማለት መልስ ነው።

ሁለተኛ፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደምትናገሩ አስቀድሙ። «በሐበሻ» ወይም «በፈረንጅ» በሉ። ሰዓቱንም እንዲሁ። የእኛ ዓመት ከፈረንጁ በ7 ወይም በ8 እንደሚያንስ አስተርጓሚው ማወቁን ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ የማታስታውሱትን «አላስታውስም» በሉ። በግምት የተሞላ ቀን ነው በኋላ የሚያጣላችሁ። ግምት ከሆነም «ገደማ ነው፣ እርግጠኛ አይደለሁም» ይባል።

አራተኛ፣ የሰው ታሪክ አትዋሱ። «እንዲህ ካልሽ ይሳካልሻል» የሚል አይጠፋም። የተጠና ታሪክ ዝርዝር ሲጠየቅ ይፈርሳል፣ ከራሳችሁ እውነት ጋርም ይደባለቃል። ልጆችንም አታስጠኑ።

አምስተኛ፣ የተሳሳተ ነገር መናገራችሁ ትዝ ካላችሁ እዚያው አርሙ። አስተርጓሚው ካልገባችሁም ተናገሩ። በሴት መጠየቅ የምትፈልግ እህት አስቀድማ ትጠይቅ፣ ነውር አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የዩኤንኤችሲአር መመሪያ መጽሐፍም ስደተኛ ሁሉን ነገር በማስረጃ ማረጋገጥ እንደማይችል ያምናል። ቃሉ በጥቅሉ የሚታመን ከሆነ የቀረው ጥርጣሬ ለእሱ እንዲታሰብለት ይላል። ዋናውን ነገር በእውነትና በግልጽ መናገር የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

በመጨረሻም፣ ያለፈው ነገር ሳትፈልጉት ድንገት እየመጣ የሚያስበረግጋችሁ፣ እንቅልፍ የሚነሣችሁ፣ ልጆቻችሁንም ዝም የሚያሰኝ ከሆነ ለጤና ጣቢያው ሠራተኛ ንገሩ። እብደት አይደለም፣ ብቻችሁንም አይደላችሁም። ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁ አንብቡላቸው።