«ማነው ያበላሸው?»

ይህ ጥያቄ የማይጠየቅበት መሥሪያ ቤት ካለ ንገሩኝ። ስም ተሳስቶ፣ ዕቃ ጎድሎ ወይ ደረሰኝ ተዘበራርቆ ሲገኝ አለቃው መጀመሪያ የሚፈልገው ሰውዬውን ነው። ሰውዬው ይገኛል፣ ይቆጣሉታል፣ አንዳንዴም ደመወዝ ይቆረጥበታል። ከዚያ ያው ስህተት በሌላ ሰው እጅ ይደገማል።

ሰሞኑን ድሮ ያስተማርኩት ልጅ ደውሎልኝ ነበር። የተወለደው ኅዳር 1998 ነው። አንድ ቢሮ ውስጥ ልደቱን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲቀይሩለት 8 ዓመት ደምረው ኖቬምበር 2006 ብለው ሞሉለት። ትክክሉ 2005 ነው። ከመስከረም 1 ጀምሮ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት እስኪገባ ድረስ ልዩነቱ 7 ዓመት ነዋ! ከዚያ ወዲያ እስከ ጳጉሜን ነው 8 የሚሆነው። አሁን ልጁ አንዱ ሰነዱ ከሌላው አልገጥም ብሎት ከሥራ እያስፈቀደ፣ ትራንስፖርት እየከፈለ ይመላለሳል። «ጸሐፊዋ ናት ያበላሸችው» አሉት። እሷ ግን ከበር ውጭ የተሰለፈ ሕዝብ እየጠበቃት በጭንቅላቷ እየደመረች ነው የምትሞላው። ነገ እሷን አንስተው ሌላ ሰው ቢያስቀምጡ ምን ይለወጣል?

ጃፓኖች ይሄን ጉዳይ ቀደም ብለው አስበውበታል። በ1961 እ.ኤ.አ. ሺጌዮ ሺንጎ የሚባል መሐንዲስ ያማዳ ኤሌክትሪክ የሚባል ፋብሪካ ይሄዳል። እዚያ የሚገጣጠም ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አለ፤ ሁለት ቁልፍ፣ በየቁልፉ ሥር አንድ አንድ ሞላ። ሠራተኞቹ አልፎ አልፎ አንዱን ሞላ ይረሱታል። በተረሳ ቁጥር ቁጣ ነው፣ «ተጠንቀቁ» ነው፤ ለጥቂት ጊዜ ይስተካከልና ተመልሶ ያው። ሺንጎ ያደረገው ነገር ቢኖር ትንሽ ሳህን ማስቀመጥ ነው። ሠራተኛው ሥራውን ሳይጀምር ሁለቱን ሞላዎች ሳህኑ ላይ ያኖራል። ገጥሞ ሲጨርስ ሳህኑ ላይ ሞላ ከቀረ መርሳቱን እዚያው ያያል። አለቀ። ማሽን አልተገዛም፣ ተቆጣጣሪ አልተቀጠረም።

ደስ የሚለኝ ደግሞ የስሙ ነገር ነው። ይህ ዘዴ መጀመሪያ «ባካ ዮኬ» ይባል ነበር፤ የሞኝ መከላከያ እንደ ማለት ነው። አንዲት ሠራተኛ «እኔ ሞኝ ነኝ እንዴ?» ብላ በማዘኗ ስሙ ተለውጦ «ፖካ ዮኬ» ሆነ፤ ሳይታሰብ የሚመጣ ስህተት መከላከያ። ሰው መርሳቱ ያለ ነው፣ ሞኝ አያሰኘውም።

ካይዘን ወደ አገራችን ከገባ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። በየግድግዳው አምስቱን «ማ»ዎች ለጥፈናል፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት እያልን። አልቃወምም፣ ፋይል ፍለጋ ቀንሷል። ግን መደርደሪያው ጸድቶ ቅጹ እንደ ድሮው ከሆነ የልደት ቀኑ መሳሳቱ አይቀርም። ቅጹ ላይ የወር መቀየሪያ ሰንጠረዥ ቢታተም፣ ማኅተም ከማረፉ በፊት ባለጉዳዩ አንብቦ ቢፈርም ምን ያህል ያስወጣል? በኋላ ለማስተካከል ከሚባክነው ቀን ጋር አወዳድሩት እስቲ።

«ግዴለሽ ሠራተኛ የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አለ፣ ሞልቷል። እሱ ይጠየቅ። ግን አንድ ዓይነት ስህተት አምስት የተለያዩ ሰዎች ሲሠሩት አምስቱም ግዴለሽ ናቸው ማለት ይከብደኛል።

እኔ ክፍል ውስጥ ለፈተና ምዝገባ ዝርዝሩ ከመላኩ በፊት አትሜ አዞራለሁ። እያንዳንዱ ተማሪ ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል በራሱ እጅ ከጎኑ ይጽፋል። ፀሐይ በ«ቲ ኤስ» ትጀምር በ«ኤስ» ብቻ የምታውቀው ራሷ ፀሐይ ናት፣ እኔ አይደለሁም። የሚፈጀው አንድ ክፍለ ጊዜ ነው። ሁለቱ ጽሑፎች ካልገጠሙ እዚያው ይታረማል፤ ማንም አይቆጣም፣ ማንም አይመላለስም።

ባንክ፣ ፋርማሲ፣ ወረዳ፣ ጋራዥ የምትሠሩ ልጆቼ፣ እናንተ ጋ ሁሌ የሚደጋገመው ስህተት የትኛው ነው? ሳህኑስ የት ቢቀመጥ ይሻላል? ከታች ጻፉልኝ፣ አነባለሁ።