ቦዲው ይቆየን፣ ሌንሱን እንግዛ

ባለፈው ሴሚስተር አንድ አዛውንት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ጡረታ ሲወጡ የሽኝት ዝግጅት ተደርጎላቸው ነበር። ፎቶ የማንሳቱ ሥራ ለእኔ ደረሰ። አዳራሹን ታውቁታላችሁ፤ መጋረጃው ወፍራም፣ አምፖሉ ግማሹ የተቃጠለ ነው። ሰውዬው ማይክራፎኑን ይዘው ሁለት ቃል እንደተናገሩ እንባ ተናነቃቸውና በመሐረባቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም ቀጭ ቀጭ አደረግኩ። ማታ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ግን ፊታቸው ጉም ሆኗል። “ፍላሽ አልነበረህም ወይ?” የሚለኝ አይጠፋም። ነበረኝ፤ ግን በሚያለቅሱ ሽማግሌ ፊት ላይ መብረቅ መልቀቅ አንጀቴ አልቻለም። ከሳምንት በኋላ ግቢው በር ላይ አገኙኝና “ልጄ፣ ፎቶዬን መቼ ትሰጠኛለህ?” አሉኝ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ!

መጀመሪያ ያሳበብኩት በካሜራው ነበር። “አርጅቷል፣ አዲስ ቦዲ ያስፈልጋል” አልኩ። ኋላ ላይ ፎቶው የተነሳበትን መረጃ ሳይ ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። 55 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 5.6፣ አይ.ኤስ.ኦ. 1600፣ የሰከንድ 1/15 ይላል። በ1/15 ሰከንድ ውስጥ ዓይኑን የሚጠርግ እጅ ብዙ መንገድ ይሄዳል።

ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው 18-55 ሌንስ ጠባዩ እንዲህ ነው፤ ሰፋ አድርገን ስናነሳ እስከ ኤፍ 3.5 ይከፈታል፣ ወደ ሰው ስናቀርበው ግን ከ5.6 በላይ አይከፈትም። ከጫፍ እስከ ጫፍ ኤፍ 2.8 የሆነ ዙም በዚያው ቦታ 4 እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ስለዚህ የእኔ 1/15 ወደ 1/60 ይወጣ ነበር። አይ.ኤስ.ኦ.ውን ወደ 3200 ብጨምረው ደግሞ 1/125 ይሆናል። መሐረቡም እጁም ይታዩ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ የትኛው ይገዛ? ካኖን ራሱ የሠራው 17-55 ኤፍ 2.8 እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ግሩም ሌንስ ነው። ለተማሪ ኪስ ግን “ላም አለኝ በሰማይ” ነው። በዚያው ዓመት ታምሮን 17-50 ኤፍ 2.8 አውጥቷል፤ አዲስ ሲሸጥ ዋጋው ከካኖኑ ግማሽ በታች ነበር። ካሜራ አምራቾቹ ፊታቸውን ወደ መስታወት አልባ ካሜራዎች ካዞሩ ወዲህ ደግሞ እንዲህ ያሉ ሌንሶች ያገለገሉ ሆነው ለገበያ ይቀርባሉ። የእኔ ምርጫ ይኸው ነው፤ እሱም መንቀጥቀጥ መከላከያ የሌለው የመጀመሪያው ዓይነት። በ2009 የመጣው ባለ መከላከያው የእኛን እጅ ያረጋጋል እንጂ የተናጋሪውን እጅ አያቆምም።

እንከን የለውም አልልም። ሞተሩ ይጮሃል፤ ቪዲዮ ስትቀርጹ ድምፁ ይገባባችኋል። በ2.8 ሲከፈት የፎቶው ማዕዘኖች ለስለስ ይላሉ። “50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 አይረክስም ወይ?” የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። ይረክሳል፣ የበለጠ ብርሃንም ያስገባል። ነገር ግን በእኛ ካሜራዎች ላይ እይታው እንደ 80 ሚሊ ሜትር ይጠባል። ጀርባችሁ ግድግዳ ነክቶ ስድስት ሰው በአንድ ፎቶ አንሱ ስትባሉ ወዴት ትሸሻላችሁ?

ያገለገለ ስትገዙ “በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ” እንዳይሆንባችሁ። በሞባይል መብራት ውስጡን አይታችሁ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ ካለው ተዉት። አንድ ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ በ2.8 አንሱት፤ ከዚያ ፎቶውን አጉልታችሁ አራቱንም ማዕዘን ለማንበብ ሞክሩ። አንዱ ጎን ብቻ ከደበዘዘ ሌንሱ ወድቆ ሊሆን ይችላል። ኒኮን ያላችሁ ደግሞ ሞተር ያለው መሆኑን ጠይቁ፤ 3000ዎቹና 5000ዎቹ ቦዲዎች የራሳቸው የፎከስ ሞተር የላቸውም።

የመጨረሻው ቃሌ ለመምህሮቻችን ነው። ለትምህርት ክፍላችን አዲስ ካሜራ ይገዛ ሲባል እሰማለሁ። እኔ ግን በዚያ ገንዘብ ለነባሮቹ ካሜራዎች የሚሆኑ ሁለት ባለ 2.8 ዙሞች ተገዝተው በተራ በፊርማ ብንዋስ ይሻላል እላለሁ። ቦዲው ውድም ይሁን ርካሽ፣ ብርሃን የሚደርሰው በሌንሱ በኩል አልፎ ነው። ሽኝት ደግሞ ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይደረግም።