«አጥፋው» ማለት እርማት አይደለም

እንዲህ እናስብ። አንድ የሙዱላ ልጅ ጋዜጠኝነት ተምሮ ተመረቀ። ሆሳዕናም ይማር አዲስ አበባ፣ የሥነ ምግባር ኮርሱን ወስዷል። እውነተኝነት፣ ሚዛናዊነት፣ ተጠያቂነት... ፈተና ላይ ሁሉንም ዘርዝሮ ጥሩ ውጤት አምጥቷል። ከዚያም በአንድ ወረዳ ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት ተቀጠረ።

በሥራ ላይ እያለ አንድ ፎቶ ደረሰው፤ «ማዳበሪያ የደበቀ ነጋዴ ተያዘ» ይላል። አለቃው «ቶሎ ልቀቀው» አሉት። ከነስሙ ከነፎቶው ለቀቀው። ማታ ላይ ሲጣራ ማዳበሪያው በሕጋዊ ደረሰኝ የተገዛ ሆኖ ተገኘ። አለቃው አሁን ደግሞ «አጥፋው» አሉት። አጠፋው። ጉዳዩም ተዘጋ ተባለ።

ለነጋዴው ግን አልተዘጋም። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅባት ከተማ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ «የሌባ ልጅ» ይባላሉ። ስክሪንሾቱ ከስልክ ስልክ ይዞራል።

ይህ ልጅ የሥነ ምግባር መርሆችን አያውቅም? ያውቃል። ያልተማረው ሲሳሳት ምን እንደሚያደርግ ነው።

እርስ በርስ ቁጥጥር የሚባለው ነገር እምብርቱ እዚህ ጋ ነው። ስዊድን የፕሬስ ምክር ቤቷን ያቋቋመችው በ1916 እ.ኤ.አ. ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የተበደለ ሰው አቤት ይላል፣ የሙያው ሰዎችና የሕዝብ ተወካዮች ይመረምራሉ፣ ያጠፋው ጋዜጣ ውሳኔውን በራሱ ገጽ ያትማል። እስር የለበትም።

የእኛም የመገናኛ ብዙኃን ምክር ቤት በ2008 ዓ.ም. ተመሥርቶ ሕጋዊ ምዝገባ ለማግኘት ዓመታት ጠብቋል። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ለእርስ በርስ ቁጥጥር ዕውቅና ሰጠ። በሚያዝያ 2017 የጸደቀው ማሻሻያ ግን የመንግሥቱን ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ክንድ አፈረጠመው። ሙያው ራሱን ካላረመ፣ «እኔ ላርምህ» የሚል አይጠፋም።

«ጋዜጠኛ በሚታሰርበት አገር ስለ እርማት ታወራለህ?» የሚለኝ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሥነ ምግባር ኮርስ የእስር ቤት በር አይከፍትም። ነገር ግን ስህተቱን በገዛ እጁ የሚያርም ሚዲያ ለአሳሪው ሰበብ አይሰጥም፤ ችግር ሲደርስበትም ሕዝብ ይቆምለታል።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ፈተናውን ቀይሩት። «አምስት መርሆችን ዘርዝር» ይቅር። ተማሪው የራሱን የተሳሳተ ዜና የሚያርም ጽሑፍ ይጻፍ፤ ምን እንደተሳሳተ፣ እውነቱ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደተጎዳ በግልጽ ያስቀምጥ። ክፍሉ እንደ ምክር ቤት ተቀምጦ የነጋዴውን አቤቱታ ይስማ። አለቃውን «ነጋዴውን ሳልጠይቅ አልለቅም» ማለትንም ይለማመድ።

ይህ ለአገራችን ባዕድ አይደለም። በሽምግልና፣ ሰውን በአደባባይ ያዋረደ ጓዳ ገብቶ «ይቅርታ» ቢል ሽማግሌ አይቀበለውም። የካሰው በአደባባይ ነው። ዜናም እንደዚያው ነው፤ ስህተቱ ሺህ ሰው ፊት ከተነገረ፣ እርማቱም ሺህ ሰው ፊት ይነገር።

ይህ ለጋዜጠኛ ብቻ የተሰጠ ግዴታ እንዳይመስለን። ቻናል ያለን ሁላችን፣ ባለፈው ወር ስንት ፖስት ዝም ብለን አጠፋን? ስንቱንስ አረምን?