ሞተሩ ይቀየር ከመባሉ በፊት

ታይሚንግ ቺንጋ መንገድ ላይ ሲበጠስ ሞተሩ ባንዴ ጸጥ ይላል። ሾፌሩ ቁልፉን ደግሞ ይጠመዝዛል። ሞተሪኖው ከወትሮው ቀለል ብሎት ይሽከረከራል፤ ሞተሩ ግን አይነሳም። ከዚያ መንገደኛው ይሰበሰብና «ግፉት!» ይባላል። ማርሽ ገብቶ ፍሪሲዮን ሲለቀቅ መኪናው እየተንገጫገጨ ቁልቁል ይወርዳል። ይህን የመንገደኛ ደግነት ያልቀመሰ ሾፌር በአገራችን ያለ አይመስለኝም። ቺንጋው ለተበጠሰ ሞተር ግን ከመገፋት የከፋ ነገር የለም። ፒስተን ቫልቭን ከመታበት ከመጀመሪያው ግጭት የተረፈ ቫልቭ ቢኖር እንኳ በግፊያው ሊያልቅ ይችላል።

ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ክራንክ ሻፍት ሁለት ጊዜ ሲዞር ቫልቮቹን የሚከፍተው ካም ሻፍት አንድ ጊዜ ይዞራል። ይህን ልክ የሚጠብቀው ጥርስ ያለው የጎማ ቺንጋ ነው። ቫልቭና ፒስተን አንዱን ቦታ በተራ ይጠቀሙበታል፤ ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ ሲወቅጡ አንዷ ዘነዘናዋን ስታነሳ ሌላዋ እንደምታወርደው ማለት ነው። ቺንጋው ሲበጠስ ካም ሻፍቱ ባለበት ይቆማል፤ የተከፈተ ቫልቭም እንደተከፈተ ይቀራል። ክራንክ ሻፍቱ ግን በመኪናው ግስጋሴ መዞሩን ስለሚቀጥል ፒስተኑ ከታች መጥቶ ቫልቩን ይመታዋል።

ቺንጋ ሲበጠስ ሞተር ይጎዳል አይጎዳም ብለው የሚከራከሩ ሁለት ሰዎች ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። የፎር ኤ ኤፍ ኢ ሞተር ያለው የድሮ ኮሮላ ባለቤት «እኔ አዲስ ቺንጋ አስገጥሜ በማግስቱ ነዳሁ» ቢል እውነቱን ነው፤ በዚያ ሞተር ፒስተኑ ቫልቩ ጋ አይደርስም። የቪትዝ ባለቤት ደግሞ ጭራሽ ላይገባው ይችላል፤ የእሱ መኪና በሰንሰለት ነው የሚሠራው። ናፍጣ ሞተር ላይ ግን ይህ ምሕረት የለም። ፋይቭ ኤል የተባለው የሃይሉክስ ሞተር አየሩን ከ20 እጥፍ በላይ ስለሚያምቀው ከፒስተኑ በላይ የሚተርፍ ክፍተት የለውም።

ባለፈው ክረምት ከወንድሜ ጋር ግቢያችን ውስጥ የጠገንነው ይኸው ሞተር ነበር። መጀመሪያ የወሰድንበት ጋራዥ መፍትሔው አንድ ብቻ ነው አለን፦ ያገለገለ ሞተር ገዝቶ መቀየር። መካኒኮቹን አልወቅስም። ደጃቸው ላይ ወረፋ አለ፣ ሙሉ ሞተር መቀየርም ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛውን ክፍል) አውርዶ ከመመርመር ይፈጥናል። ሆኖም ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ የሚመጣው ሞተር ስንት ዓመት እንደሠራ፣ ስንቴ ውሃ ጨርሶ እንደፈላ ማን ያውቃል? የእኛ ሞተር ዘይት የማይበላ፣ ጠዋት በአንድ ቁልፍ የሚነሳ ነበር። በዚያ ላይ የሞተር ቁጥሩ ሊብሬ ላይ ስለሰፈረ መቀየሩ የራሱን የቢሮ ደጅ ጥናት ያስከትላል።

ለዚህ ነው ሞተሩ ቴስታታው ከመፈታቱ በፊት በአየር መፈተን ያለበት የምለው። ቺንጋው በሌለበት ክራንክ ሻፍቱ ከምልክቱ ሩብ ዙር ወደኋላ ይመለስና ፒስተኖቹ መሃል ላይ ይቆማሉ፤ ካም ሻፍቱ በምልክቱ ላይ ይደረጋል፤ ከዚያ ክራንክ ሻፍቱ ወደ ምልክቱ ይመለሳል። ሁሉም በእጅ ነው፤ የሚይዝ ነገር ካለ ማስገደድ የለም። ቀጥሎ ሁለቱም ቫልቮቹ መዘጋት ባለባቸው ሲሊንደር ላይ ካንዴሌታው (ማሞቂያው) ተፈቶ በቀዳዳው ከኮምፕሬሰር አየር ይለቀቃል፤ እኛ የተዋስነው ከሰፈር ጎሚስታ ነው። አሁን ጆሮ ነው የሚሠራው። አየሩ በማርሚታው በኩል ካፏጨ የታጠፈው የማስወጫው ቫልቭ ነው። በአየር ማጣሪያው በኩል ከመጣ የማስገቢያው ነው። ዘይት መጨመሪያው ላይ በኃይል ከተሰማ የፒስተኑ ፋሻ አልቋል፤ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከተነሳ ደግሞ ጓርኒሲዮኑ (በቴስታታውና በብሎኩ መሃል ያለው ማሸጊያ) ወይም ቴስታታው ነው። የእኛው በማርሚታውና በማጣሪያው በኩል ሲያፏጭ ዘይት መጨመሪያው ዝም አለ። የሞተሩ የታችኛው ክፍል ደህና ነው ማለት ነው። ይህን ሳይሰሙ ሞተር ጣሉ ማለት ሐኪም ሳያይ እግር ይቆረጥ እንደማለት ያስቆጣኛል።

ቴስታታው ሲወርድ ፒስተኖቹ አናት ላይ የቫልቭ ጠርዝ የተወው ምልክት ነበር፤ ስንጥቅ ግን የለም። ቫልቮቹን አንድ በአንድ መስታወት ላይ አንከባለልናቸው፤ የታጠፈው ወዲያው ይወላገዳል። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የግቢ አይደለም። የቴስታታው ዝርግነት፣ የቫልቭ መቀመጫዎቹ፣ በተለይም በሁለቱ ቫልቮች መሃል የሚፈጠረው ስንጥቅ በባለሙያ ማሽን ቤት መታየት አለበት። እዚያ ገንዘብ መቆጠብ አይገባም።

ብዙ ሰው የማይጠይቀው ደግሞ ይኸውና፦ ለዚህ ሞተር የቴስታታ ጓርኒሲዮን በ3 የተለያየ ውፍረት ይሠራል። የሚመረጠው ፒስተኖቹ ከብሎኩ ፊት ምን ያህል ብቅ እንደሚሉ ተለክቶ ነው። ቀጭኑ ገብቶ ፒስተኑ ከቴስታታው ጋር ቢነካካ፣ ወይም ወፍራሙ ገብቶ ሞተሩ በብርድ አልነሳ ቢል ጥፋቱ የለካ ሰው አለመኖሩ ነው። ሱቁ የሚጠይቀው የሞተሩን ስም ብቻ ነው፤ ልኩን ይዞ መሄድ የገዢው ሥራ ነው። ብሎኖቹም ከመሃል ወደ ዳር በማንዋሉ ቅደም ተከተል ነው የሚጠብቁት፤ በክንድ ስሜት አይደለም።

ቺንጋው ሲገጠም 3 ምልክቶች አብረው መግጠም አለባቸው፦ የክራንክ ሻፍቱ፣ የካም ሻፍቱና የናፍጣ ፓምፑ። ከዚያ ሞተሩ በመፍቻ ሁለት ሙሉ ዙር በእጅ ይዞርና ምልክቶቹ ተመልሰው መግጠማቸው ይታያል። ወንድሜ አንዴ አዙሮ አላመነም፤ ደግሞ አዞረው። ደግ አደረገ።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎችን አስወደደ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ በእጃችን ያሉት ሞተሮች ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ፤ አብዛኞቹም ቺንጋቸው መቼ እንደተቀየረ የሚናገር ወረቀት የላቸውም። እንደ እኛው ሃይሉክስ ባሉ የቶዮታ ናፍጣ መኪናዎች ዳሽቦርድ ላይ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ የሚበራ የቺንጋ መብራት አለ። አምፖሉ የተነቀለበት መኪና አይቻለሁ፤ በጣም አዝኛለሁ። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ቆጣሪውን ሳያምን ቺንጋውን ከመወጠሪያው ኩሽኔታና ከዘይት መከላከያ ጎማዎቹ ጋር ይቀይር፤ ዘይት የነካው ቺንጋ ዕድሜው አጭር ነውና። የተቀየረበትን ቀንና ኪሎ ሜትርም በማይለቅ ቀለም የቺንጋው ክዳን ላይ ይጻፍበት፤ መኪናውን ነገ የሚገዛው ሰው ሌላ የሚያነበው ነገር የለውም።