እንክርዳድን የምንዘራው ራሳችን ነን

ከሊማሊሞ አፋፍ በላይ ባሉት የዳባትና የደባርቅ ስንዴ ማሳዎች አረም የክረምት ሥራ ብቻ ተደርጎ ይታያል። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት ግን ያለ ኬሚካል ለሚያመርት ገበሬ ዋናው የአረም ሥራ ዘሩ ከጎተራ ሳይወጣ ማለቅ አለበት።

ከሁሉ አስቸጋሪው አረም ሰብሉን የሚመስለው ነው። እንክርዳድ በቡቃያነቱ ከስንዴ በቀላሉ አይለይም፤ በወንጌሉ ምሳሌ የእርሻው ባለቤት ሠራተኞቹን የከለከለው ስንዴውም አብሮ እንዳይነቀል ሰግቶ ነው። ቱ-ፎር-ዲም መፍትሔ አይሆንም፤ የሚያጠፋው ቅጠለ ሰፊውን አረም ስለሆነ የሣር ወገን የሆኑት እንክርዳድና ሲናር ያለ ተቀናቃኝ ይቀራሉ። ነፋስ ወደ ጎረቤት ማሳ ከወሰደውም ባቄላውን ይጎዳል።

ይሁንና ሁለቱ አረሞች የሚዛመቱበት መንገድ ይለያያል። እንክርዳድ ፍሬውን እስከ አጨዳ ይዞ ስለሚቆይ ከስንዴው ጋር ታጭዶና ተወቅቶ በገበሬው እጅ ተመልሶ ይዘራል። ሲናር ግን አብዛኛውን ፍሬ ከአጨዳ በፊት ስለሚያራግፍ በአፈር ውስጥ ይከማቻል። በፎገራ ሜዳ የሩዝ ገበሬዎችን የሚያስቸግረው የዱር ሩዝም እንዲሁ ፍሬውን አስቀድሞ ያራግፋል። ስለዚህ ለእንክርዳድ ዘር ማጥራት፣ ለሲናር ደግሞ ሰብል ማፈራረቅ ይቀድማል። ሲናር በባቄላ መካከል ከሩቅ ስለሚታይ ፍሬ ሳይዝ በእጅ ይነቀላል።

የዘር ማጥራቱ ሥራ ከአቅም በላይ አይደለም። ለ1 ሄክታር የሚበቃው የስንዴ ዘር 1.5 ኩንታል ያህል ነው። በሄክታር 15 ኩንታል ቢገኝ እንኳ ግማሽ ጥማድ ይህን ዘር ይሰጣል። እንክርዳድ በሚያሸትበት ጊዜ በዛላው ስለሚለይ፣ ይህችን ግማሽ ጥማድ ብቻ በደቦ እየተመላለሱ መንቀል፣ ለብቻ ማጨድ፣ ለብቻ መውቃትና በወንፊት መንፋት ይበቃል።

ገበሬው ጊዜ የለውም የሚሉ አሉ። የክረምት ሥራ መደራረቡ እውነት ነው። ነገር ግን ከ1,000 የስንዴ ፍሬ መካከል አንዲት እንክርዳድ ብትገኝ በሄክታር 4,000 ያህል እንክርዳድ ተዘራ ማለት ነው። ያን ሁሉ በማሳው ላይ ከማሳደድ በሰፌድ ላይ መልቀም ይቀላል። እንክርዳድ የበዛበት ዱቄት ራስ የሚያዞር በመሆኑም ጉዳዩ የምርት ብቻ ሳይሆን የቤተሰብም ጤና ነው።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚያበድሩትን ዘር ከየጆንያው እፍኝ እፍኝ አውጥተው በሰፌድ ሳይመረምሩ ባያድሉ ይበጃል፤ አንድ ያልጠራ ጆንያ ብዙ ማሳ ያበላሻልና። የልማት ጣቢያ ሠራተኞችም ስንት ሊትር መድኃኒት ተሠራጨ ከሚለው ይልቅ ስንት ገበሬ የዘር ማሳ ለይቷል የሚለውን መዝግበው ቢይዙ የሥራቸውን ውጤት በሚቀጥለው መኸር በዓይናቸው ያዩታል።