መጮህ ያለበት ማሽኑ ነው

አንድ ሰው ለሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ገብቶ ጭኑ ተቃጥሎ ቢወጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን አጠፋ?» ነው። ጣት የሚቀሰረውም ነርሷ ወይም ሐኪሙ ላይ ነው። ማሽኑን የሚጠይቅ የለም።

ደም የሚፈስበትን ቦታ በኤሌክትሪክ ሙቀት የሚዘጋው መሣሪያ ኮተሪ ይባላል። በ1926 እ.ኤ.አ. ቦስተን ውስጥ ሃርቪ ኩሺንግ ደም አላቆም ብሎት ያቋረጠውን የዕጢ ኦፕራሲዮን የጨረሰው ዊልያም ቦቪ በሠራው ኮተሪ ነው። ውለታው ትልቅ ነው። አደጋውም የታወቀ ነው።

ኤሌክትሪኩ በሐኪሙ እጅ ካለው ጫፍ ወደ ሰውነት ይገባል፣ ቆዳ ላይ በተለጠፈ ሰፊ ፓድ በኩል ወደ ማሽኑ ይመለሳል። ፓዱ ግማሹ ከተላቀቀ ኤሌክትሪኩ በቀረው ጠባብ ቦታ ተጠራቅሞ ቆዳውን ያቃጥላል። በሽተኛው ማደንዘዣ ተሰጥቶታል፤ «አቃጠለኝ» ብሎ አይጮህም።

ስለዚህ መጮህ ያለበት ማሽኑ ነው። መፍትሔው ደግሞ ከ1980ዎቹ ጀምሮ አለ፦ ለሁለት የተከፈለ ፓድ፣ የሁለቱን ክፍል ንክኪ የሚለካ ማሽን። ፓዱ ሲላቀቅ ያንጫርራል፣ ኤሌክትሪኩንም ያቋርጣል። ያልተከፈለ ፓድ ከተሰካበት ግን ይህ ጠባቂ ዓይኑ ታወረ ማለት ነው።

በካሜራ በሚሠራ ኦፕራሲዮንም እንዲሁ ነው። የመሣሪያው ሽፋን በዓይን በማይታይ ስንጥቅ ከተበሳ ካሜራው በማያየው በኩል አንጀት ሊቃጠል ይችላል። ጉዳቱ የሚታወቀው ከቀናት በኋላ፣ ሆድ ሲመርዝ ነው። የሽፋኑን ጤንነት የሚፈትሽ መሣሪያ ግን አለ።

«ሥልጠና ይበቃል» የሚሉ አሉ። ሥልጠና የግድ ነው፤ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያደረን ሰው ከድካም አያድነውም። «ገንዘብ የለንም» የሚሉም አሉ። ችግሩ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ርካሹን ማሽን ገዝቶ፣ ለአንድ ጊዜ የተሠራን ፓድ ማጣበቂያው እስኪደርቅ ደጋግሞ መለጠፍ ቁጠባ አይደለም። ሳሩን አይቶ ገደሉን አለማየት ነው።

የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅርቦት አገልግሎትም ሆነ ዕርዳታ የሚቀበል ሆስፒታል ሦስት ነገር ይጠይቅ። ማሽኑ የፓዱን ንክኪ ይቆጣጠራል? የሚስማማው ፓድ ሳይቋረጥ ይቀርባል? የመሣሪያዎቹ ሽፋን በየጊዜው የሚፈተሸው በማንና በምንድነው? መልስ የሌለው ማሽን፣ በነጻ ቢመጣም፣ ኦፕራሲዮን ክፍል መግባት የለበትም።