«ሮሌክስ» የሚበላበት ሠፈር

በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ፣ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ በተባለው የፋብሪካ ሠፈር፣ የምሳ ሰዓት ሲደርስ ሠራተኛው ከመንገድ ዳር ምጣድ «ሮሌክስ» ይገዛል። ውድ አንባቢያን፣ በደመወዙ ብትቀኑ አይፈረድባችሁም። ነገር ግን ይህ ሮሌክስ ከስዊዘርላንዱ የእጅ ሰዓት ጋር አንዳች ዝምድና የለውም። ከቲማቲም፣ ከሽንኩርትና ከጥቅል ጎመን ጋር የተጠበሰ እንቁላል በቻፓቲ ተጠቅልሎ የሚበላ ነው። በእንግሊዝኛ «ሮልድ ኤግስ»፣ ማለትም የተጠቀለለ እንቁላል፣ ሲባል ጆሮ ፈጥኖ «ሮሌክስ» ብሎ ተቀበለው፤ የጆሮው ስሕተትም በየሻጩ ሰሌዳ ላይ በቀለም ተጻፈ። ስሙ እንዲህ ጸንቶ በ2014 ዓ.ም. ከ200 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሮሌክስ በካምፓላ አቅራቢያ ተጠቅልሎ በዓለም የክብረ ወሰን መዝገብ ሠፍሯል።

በሶማሊያ የሰላም ማስከበር ግዳጅ ከኡጋንዳ ሠራዊት ጋር የተጎራበቱ ጓዶች «ኪኮማንዶ» የሚለውንም ሰምተው ይሆናል። ስሙን የሰማ ኮማንዶ ቢያንስ ግማሽ ኪሎ ሥጋ ይጠብቅ ይሆናል፤ የሚቀርብለት ግን የተቆራረጠ ቻፓቲና ቦሎቄ ነው። «ፖሾ» ደግሞ ጠንካራ የበቆሎ ገንፎ ሲሆን፣ ቃሉ በስዋሂሊ ራሽን ማለት ነው። ከራሽን ሸሽቶ ምግብ ቤት የገባ ወታደር በገዛ ገንዘቡ ራሽን ያዝዛል ማለት ነው! በምግብ ዝርዝሩ ላይ «አይሪሽ በሥጋ» የሚል ያነበበ እንግዳም አይደንግጥ። የአየርላንድ ሰው አልታረደም፤ አይሪሽ የሚሉት ድንቹን ነው።

በእኛም አገር በእንግሊዝኛ የተጻፈ የምግብ ዝርዝር ያነበበ ያውቀዋል፤ ሾርባ በሚለው ቃል ውስጥ አንዲት ፊደል ስትለወጥ ደንበኛው የዶሮ ሳሙና ይቀርብለታል።

በዚህ ሁሉ ማንም አልተጎዳም፤ ምግቡ ከዓይን ፊት ተሠርቶ በትኩሱ ይበላልና። በታሸገ ቆርቆሮ ላይ የሚነበብ ስሕተት ግን ሌላ ነው። ኡጋንዳውያን በሉጋንዳ ሰዓት ሲቆጥሩ እንደ እኛው ከንጋት ይጀምራሉ፤ ዓመቱን ግን የሚቆጥሩት ከውጭ የሚመጣው የወተት ቆርቆሮ እንደሚቆጥረው ነው፤ ከመለያው ጋር የምንጣላው እኛ ነን። የአገልግሎት ማብቂያው «2025» የሆነ የሕፃናት ወተት በ2018 ዓ.ም. ለገዛች እናት ገና ሰባት ዓመት የቀረው ይመስላል። በእውነቱ ግን ከታኅሣሥ 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ወዲያ አንድም ቀን የለውም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ከመስከረም መባቻ እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ በእኛ ዓመት ላይ 7 ይጨመራል፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8። የቀንና የወር ቅደም ተከተልም ያሳስታል፤ «03/08» ለአውሮፓዊ ሐምሌ ወር ውስጥ የሚውለው የኦገስት 3ኛ ቀን ሲሆን፣ ለአሜሪካዊ የማርች 8ኛ ቀን ነው። በመካከሉ ወደ አምስት ወር የሚጠጋ ልዩነት አለ። ከሁለቱ አንዱ ቁጥር ከ12 ከበለጠ እርሱ ቀን ነው፤ ሁለቱም ካነሱ ባለሱቁን መጠየቅ ነውር የለውም፤ እርሱም ካላወቀ ቅርብ የሆነውን ቀን መያዝ ይሻላል።

ባለቤቷ ዘብ ላይ ያለ እመቤት ቆርቆሮውን በገዛችበት ዕለት የእኛውን ቀን በእስክሪብቶ ክዳኑ ላይ ብትጽፍ፣ በእኩለ ሌሊት ሕፃኑ ሲያለቅስ በኩራዝ ብርሃን ከሒሳብ ጋር አትታገልም።